ኤልያስን ሰነፍ ያለው ማን ነው?

መጀመሪያ ራሴን ልክሰስ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ እናንተ የምዞረው።

የክርስትና ልጅ አለኝ። ዕድሜው 24 ነው፤ አያት ኮንዶሚኒየም ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ቦሌ አንድ ቢሮ ውስጥ የሒሳብ ሥራ ይሠራል። በአርባ ቀኑ ታቅፌው ስለ እርሱ ሰይጣንን የካድኩ፣ ሃይማኖቱን አስተምረዋለሁ፣ በችግሩ እደርስለታለሁ ብዬ በካህን ፊት ቃል የገባሁ እኔ ነኝ። አምና ኅዳር ላይ አንድ ማታ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ባለፈው ሰኞ ባቡር ውስጥ ልሞት ነበር» አለኝ። ጉርድ ሾላን አልፈው መገናኛ ሊደርሱ ሲሉ ልቡ ከደረቱ ሊወጣ ደረሰ፤ አየር አጠረው፤ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ላብ አሰመጠው። በሩ እንደተከፈተ ሰው ገፍትሮ ወረደና መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐዲዱን ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሌሊቱንም ያለ እንቅልፍ ያነጋዋል።

እኔስ ምን አልኩት? «ጸሎት ብትተው ነው» አልኩት። «እኛ በአንተ ዕድሜ ጦርነት አይተናል፣ ረሃብ አይተናል። ባቡር ፈራሁ እያልክ አታሳፍረን፤ ለሰውም እንዳትናገር» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ እራቴን በላሁ። በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ስሙን አየሁና ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት።

ይህን የምጽፈው ትሑት ነው እንድትሉኝ አይደለም። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዝዣለሁ፤ ቀኖናም ተቀብያለሁ። አደባባይ ያወጣሁት ከገርጂ እስከ አያት፣ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ የካ ሚካኤል የማውቀው ሰው ሁሉ ይህንኑ ኃጢአት እየሠራ ስላየሁት ነው። አንዳችሁም ስትናዘዙት ግን አልሰማሁም። ስለዚህ ስሙኝ።

«እምነት ቢኖረው አይጨነቅም ነበር» ትላላችሁ። እስቲ መጽሐፉን ግለጡ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። ብዙም ሳይቆይ የአንዲት ንግሥት ዛቻ ሰማና ነፍሱን ሊያድን ሸሸ። ብላቴናውን ወደ ኋላ ትቶ ብቻውን ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ሞቱንም ለመነ። እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ ስብከት ይዞ አልመጣም፤ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ይዞ ነው የመጣው። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ ዳስሶ ቀሰቀሰው፤ ዳግመኛ አበላው። መንገዱ ለነቢዩ እንደሚከብደው የተናገረውም ይኸው መልአክ ነው፤ «ለአንተማ ይህች ምን አላት!» አላለውም። ኮሬብ ሲደርስ ደግሞ በዚህ ምን ታደርጋለህ ተብሎ ተጠየቀ፤ ሲመልስም ተሰማ። ዮናስም ሞቱን ለምኗል፤ ለእርሱም መጀመሪያ የበቀለለት የቅል ጥላ ነው። 

ታዲያ ኤልያስን ሰነፍ ያለው ማን ነው? በመጽሐፉ ውስጥ ማንም። ዛሬ ግን ሰሚት ወይም ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቢተኛ፣ በሩን በርግደን «ተነሣ አንተ ገልቱ!» የምንለው እኛ ነን።

«አትጨነቁ» የሚለውንም ቃል ዱላ አድርጋችሁታል። ቃሉን የተናገረው የሰማይ ወፎችን የሚመግበው ነው፤ ያበላል፣ ያለብሳልም። እናንተ ሳትመግቡ፣ ሳታለብሱ፣ አጠገቡም ሳትቀመጡ ቃሉን ብቻ ቆርሳችሁ ወሰዳችሁት። የታመመን ልጅ በእግዚአብሔር ቃል የመታ ሰው ስሙን በከንቱ ጠርቷል። ይህን በንስሐ ዝርዝራችሁ ውስጥ ጻፉት።

ቀጥሎ ስሙን ያጎደፋችሁበትን ሌላ ነገር ልንገራችሁ። አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። እናንተ ግን ስድብ አደረጋችሁት። ልጅ ትንሽ ሲቆጣ «አማኑኤል ልውሰድህ እንዴ?» ትላላችሁ፤ ታክሲ ውስጥ ረዳቱና ተሳፋሪው በመልስ ሲጣሉ «ከአማኑኤል አምልጠህ ነው?» ይባባላሉ። በጣሊያን ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን ሁሉ ተቀብሏል። የዚያን ቤት ስም ማስፈራሪያ ያደረገ አባት ልጁን የት ሊያሳክም ነው? በሩን በገዛ አፉ ዘግቶበታል።

አንድ ነገር ደግሞ ይገርመኛል። በ2014 ዓ.ም. አገሪቱ ልነጋገር፣ ቁስሌን ላውጣ ብላ የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ስታቋቁም፣ ዋና ኮሚሽነር ሆነው የተሰየሙት ፕሮፌሰር መስፍን አርአያ ናቸው። ሙያቸው የአእምሮ ሕክምና ነው። ለአገር ያላፈርንበትን ባለሙያ ለልጃችን ስናፍርበት ምን እንባላለን?

ከዚያ ዓይነ ጥላው ይመጣል። ልጁ ሥራ ካልሆነለት ዓይነ ጥላ፤ ካላገባ ዓይነ ጥላ፤ ልቡ ቢመታና ቢንቀጠቀጥ መተት ተደርጎበት። እኔ ጸበል አልነቅፍም፤ ጸበል ጠጥቼ ያደግኩ ነኝ። የምነቅፈው ጸበሉን ከሐኪም መሸሸጊያ ያደረጋችሁትን ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱ እንደማይጣሉ ተናግረዋል። እንጦጦ ማርያም ጸበል ቦታም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ሕሙማንን እየተላላኩ አብረው ሠርተዋል፤ ይህን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በጥናት ጽፈውታል። በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍ ሐኪሙን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው የሚል ትምህርት አለ፤ መጽሐፉ ደግሞ ከሰማንያ አሐዱ አንዱ ነው። ታዲያ ካህኑ ካልከለከለ፣ መጽሐፉ ካልከለከለ፣ የከለከላችሁ ማን ነው? ጎረቤት። ሰው ምን ይለኛል የሚሉት ጣዖት።

በየአዳራሹና በየግቢው እየጮኹ፣ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ እየጎሸሙ «ልቀቅ!» የሚሉትንም አልፋቸውም። ልጁ የፈራው ድንገተኛ ጩኸትንና የሰው ጭንቅንቅን ነው፤ እናንተ በዚያው ታክሙታላችሁ። ባይወድቅ ይደንቃል። ሲወድቅም ጋኔኑ ለቀቀ ብላችሁ ታጨበጭባላችሁ።

ልጆቻችሁ የሚጨነቁት ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተቀምጠው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ። በ2015 ከ845,188 ተፈታኞች 27,267፤ 3.2 ከመቶ። ፈተናው እንዳይሰረቅ ልጆቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው መፈተናቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ውጤቱ ግን በአብዛኛው የመሰከረው በልጆቹ ላይ አልነበረም፤ በ12 ዓመት ትምህርታችን ላይ ነበር። እናንተ ያን ውርደት ተቀብላችሁ ለልጁ አሸከማችሁት። ከ100 ልጅ 97ቱ የወደቀበትን ፈተና የእርሱ ብቻ ስንፍና አደረጋችሁት። ውጤቱ በስልክ የተለቀቀ ማታ አባት ሳሎን ዜና ያያል፤ ልጅ መኝታ ቤት ቁጥሩን ደጋግሞ ያስገባል፤ ገጹ አልከፍት ይለዋል፤ ሲከፍት ደግሞ ይቀዘቅዛል። በማግሥቱ ቁርስ ላይ «በከፈልኩብህ ብር ሱቅ እገዛበት ነበር» ይባላል። ቨርጂኒያ ያለው የአጎቱ ልጅ ይጠራል። የጎረቤቷ ልጅ፣ ለሆስተስነት ያለፈችው፣ ትጠራለች። ያ ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ ባቡር ውስጥ ልቡ ሲመታ ባቡሩን የፈራ ይመስላችኋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጆቹ 2019 በጭንቀት ሕመም የተያዘው ሰው 301 ሚሊዮን ነበር፤ ከእነዚህ 58 ሚሊዮኑ ሕፃናትና ታዳጊዎች። ሕክምና የሚያገኘው ደግሞ ከአራቱ አንዱ ገደማ ነው። «የዘመኑ ልጆች ቅብጠት» የምትሉት ይህን ነው። እኛ በጨለማ ስለተንቀጠቀጥን ልጆቻችን በብርሃን እንዲንቀጠቀጡ አንፈቅድም። አባቴ በ1977 ድርቅ ካየው በኋላ ሌሊት ሌሊት እየተነሣ በር ሲፈትሽ ያድር ነበር፤ ጠንካራ ሰው እንለው ነበር። ዛሬ ሳስበው ማንም ያልጠየቀው ሰው ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ወጣቱ። አንተም አትቀርልኝም።

ሕመምህ ኃጢአት አይደለም፤ ሐሰትህ ግን ይቆጠራል። ቦሌ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ አስቀምጠህ ፎቶ ትለጥፋለህ፤ ጠረጴዛው ሥር ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል። «እንዴት ነህ?» ሲሉህ «ሰላም ነው፣ አሪፍ ነው» ትላለህ። ከሰዓት ጫት፣ ማታ ጨብሲ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሠፈር የተገኘ ኪኒን። ጫቱ ልብህን የባሰ ያስመታዋል፤ መጠጡ ለአንድ ሌሊት አስተኝቶህ ጠዋት ጭንቀቱን ከነወለዱ ይመልስልሃል፤ ኪኒኑም ሱስ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? እናትህ ደጋግማ አንኳኩታ «ምን ሆነህ ነው?» ስትል «ተዪኝ» ያልካት ስንት ጊዜ ነው? ያን ጊዜ ያዘንከው በእርሷ ላይ ሳይሆን በራስህ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። እርሷ ግን ይህን በምን ትወቅ?

እርዳታ መቀበል ያሳንሰኛል ትላለህ። ጌታ በጌቴሴማኒ ነፍሱ ስታዝን ሦስቱን ደቀ መዛሙርት አብራችሁኝ ትጉ ብሎ ለምኗል። በመስቀሉም መንገድ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ተሸክሞለታል። የጌታን መስቀል ሌላ ሰው ከተሸከመው አንተ ብቻዬን ካልቻልኩ የምትለው ማንን ልትበልጥ ነው? ይህ ትዕቢት ነው። ትሕትና አስመስለህ አትደብቀው።

ደቀ መዛሙርቱ መተኛታቸውን አውቃለሁ። እኔም ስልኬን ደፍቼ ተኝቻለሁ። አንዱ ቢተኛብህ ሌላውን ቀስቅስ።

ለክርስትና ልጄ የነቃለት እኔ አልነበርኩም። አምስት ወር ከቤት ሲውል ከርሞ፣ የሠፈሩ ጓደኛ፣ አያት ባጃጅ የሚነዳ ልጅ፣ አንድ ጠዋት የቀን ገቢውን ትቶ ሆስፒታል ወሰደው። ምንም ትልቅ ነገር አልተናገረም። «እኔም እዚያው እጠብቃለሁ» ነው ያለው፤ ጠበቀም። ሐኪሟ ልቡን አዳመጠች፣ ደም አስመረመረች፤ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም ልብ እንዲህ ይመታልና። ሁሉም ደህና ሆኖ ሲገኝ ሕመሙን በስሙ፣ የጭንቀት ሕመም ብላ ጠራችለት። ልጁ የነገረኝን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው፤ ቦሌ ጎዳና የቆመ መኪና ድመት ስትዘልበት ሌባ የመጣ ይመስል ሠፈሩን በጩኸት እንደሚያናጋው ማለት ነው። ጩኸቱ እውነት ነው፤ ሌባው ግን የለም። ልቡ አይቆምም፤ ትንፋሹም አይቋረጥም። ማዕበሉ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ሲሸሸው ግን በሚቀጥለው ቀን ቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

ስለዚህ ሕክምናው ከመድኃኒቱ ሌላ መመለስ ነበር። መድኃኒቱ ሳምንታት ካልቆየ የማይሠራ ዓይነት ነው፤ በአሥረኛው ቀን ሊተወው ሲል እናቱ ተቆጣጠረችው። ባቡሩን ደግሞ በፌርማታ ከፋፈሉት። በመጀመሪያው ሳምንት ከአያት እስከ መሪ፣ ከዚያ መመለስ። ቀጥሎ እስከ ሲኤምሲ። ቀጥሎ እስከ ጉርድ ሾላ። በመጨረሻ መገናኛ። በዚህ መሃል ነው እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ቤቱ የሄድኩት። «ጋሼ፣ ይቅርታውን ተወውና ማክሰኞ አብረኸኝ ተሳፈር» አለኝ። እንዲህ ያለ ቀኖና ንስሐ አባቴም አልሰጡኝም።

ተሳፈርኩ። ሲኤምሲን እንዳለፍን እጅጌዬን ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ። ልመክረው አፌን ስከፍት የኢዮብ ወዳጆች ትዝ አሉኝ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምድር ላይ አብረውት ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ደህና ነበሩ፤ የተበላሹት መናገር ሲጀምሩ ነው። አፌን ዘጋሁ። እርሱ ትንፋሹን ቀስ እያለ ያወጣል፣ ይቆጥራል። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አቅፈው ያዩናል። ማኔጅመንት ደረስን፤ ጉርድ ሾላ ደረስን። እጅጌዬን ለቀቀው። ሁለታችንም አልተናገርንም። ስንወርድ ግን ሸሚዜ ከእርሱ ሸሚዝ የባሰ በላብ ርሷል፤ ሳቀብኝ። ከስንት ወር በኋላ ሲስቅ ሰማሁት።

ነነዌን በየዓመቱ ሦስት ቀን ትጾማላችሁ። ንጉሡን ግን አስተውላችሁታል? ወሬው ሲደርሰው መጀመሪያ ሌላውን አላዘዘም፤ ከዙፋኑ ወረደ፣ መጎናጸፊያውን አወለቀ፣ አመድ ላይ ተቀመጠ። አዋጁ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም የሳሎኑ ዙፋን ላይ ሆናችሁ ልጁን ንስሐ ግባ አትበሉት። እናንተ ውረዱ። «በድዬሃለሁ፣ ሳታምን ቀርተህ ሳይሆን ሳልሰማህ ቀርቼ ነው» ብሎ ለገዛ ልጁ የተናገረ አባት በቦሌ ስንት አለ? እኔ ስናገረው 61 ዓመቴ ነበር፤ ምላሴ ተሳስሮ ነበር።

ከዚያ አብራችሁ ሂዱ። ከኮተቤ ወዲያ ያላችሁ ሩቅ ነው አትበሉኝ፤ የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው። በ2012 ኮሮና ሲገባ በዚያው ግቢ ሰው ሁሉ ለሳምባው ሲጨነቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም አላፈረም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ቀድሞ በጣት ይቆጠሩ ነበር፤ ዛሬም አልበቁም፤ ወረፋውም ይረዝማል። ለወረፋው ነው አብራችሁ የምትሄዱት። ልጁ መኖር ሰለቸኝ ካለ ግን ወረፋም ቀጠሮም አትጠብቁ፤ ለአንዲት ሰዓት ብቻውን ሳትተዉት በዚያኑ ቀን ውሰዱት። እንዲህ ብሎ ማሰቡን በቀጥታ ጠይቁት። ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም፤ የሸክሙን አንድ ጫፍ ያነሣለታል እንጂ።

እድሮቻችንንም ልውቀስ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብርጭቆው በአንድ ሰዓት ይደርሳል፤ ሳልስት እስኪወጣ ቤቱ ሰው አይለየውም። ያው ሰው በቁሙ አምስት ወር በሩን ዘግቶ ሲሰቃይ ግን አንድ ሰው አላንኳኳም። እኔም የእድር አባል ነኝ፤ የጡሩምባውን ድምፅ ሰምቼ አልቀርም፤ የክርስትና ልጄን ስልክ ሰምቼ ቀርቻለሁ።

ገርጂ ያለው እድራችን የሚሰበሰበው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። ሁለት አጀንዳ አስይዣለሁ፤ ከሣጥኑ ለሕክምና መመላለሻ የሚሆን ገንዘብ እንዲመደብ፣ ደግሞም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ተጠርቶ እንዲያነጋግረን። ሰብሳቢያችን «ይህ የእድር ሥራ አይደለም» ብለውኛል፤ ድምፅ ይሰጥበታል። ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።